ደብዳቤ ለልጄ፦ «ቫግነርን ልጫወት?» ላልሽኝ

ውድ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሏታል፣ አታስቢ።

ባለፈው የጠየቅሽኝን ነገር በስልክ ልመልስልሽ አልፈለግሁም። ረጅም ነው። ኦርኬስትራችሁ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቫግነርን «ትሪስታንና ኢዞልዴ» የተባለ ኦፔራ መግቢያ ሊጫወት ነው፤ አንቺም ከቼሎዎቹ ጋር ተመድበሻል። «አባ፣ እኔ የእስራኤል ልጅ ሆኜ ይህን ልጫወት?» ነው ያልሽኝ። መልሴን ቀድሜ ልንገርሽ። ተጫወቺው። ግን የጻፈው ሰው ማን እንደነበረ አንድም ሳይቀር አውቀሽ ተጫወቺው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

እስቲ የምትማሪበትን ከተማ አስቢው። ሪቻርድ ቫግነር በ1813 የተወለደው እዚያው ላይፕዚግ ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤትሽን በ1843 ያቋቋመው ደግሞ የሙዚቃ ደራሲው ፌሊክስ ሜንዴልሶን ነው። ሜንዴልሶን በልጅነቱ ክርስትና ቢነሳም የአይሁድ ቤተሰብ ልጅ ነበር። አያቱ ሞሰስ ሜንዴልሶን ስመ ጥር አይሁዳዊ ፈላስፋ ነበሩ። ፌሊክስ በ1847 ገና በ38 ዓመቱ ሞተ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1850፣ ላይፕዚግ በሚታተም የሙዚቃ መጽሔት ላይ «አይሁድነት በሙዚቃ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ጸሐፊው በብዕር ስም ተሸፍኖ ነበር። በ1869 ያንኑ ጽሑፍ አስፋፍቶ በራሱ ስም አሳተመው። ቫግነር ነበር።

ምን ይላል መሰለሽ? አይሁዳዊ የሚኖርበትን አገር ቋንቋ የሚናገረው እንደ ባዕድ ነው ይላል። ቋንቋው የእሱ ካልሆነ ዜማውም የእሱ ሊሆን አይችልም። ይኮርጃል እንጂ አይፈጥርም። ሜንዴልሶንን ተሰጥኦ አለው፣ የተማረ ነው፣ ጨዋ ነው ብሎ ካሞገሰ በኋላ፣ የሰውን ልብ ግን ከውስጥ ሊነካ አልቻለም ብሎ ይደመድማል። ሰውየው መቃብር ውስጥ ነው፤ መልስ አይሰጥም። ሌላም አለ። ጃኮሞ ማየርቤር የተባለው አይሁዳዊ የኦፔራ ደራሲ፣ ቫግነር ፓሪስ ውስጥ ዕዳ ውጦት ሲንከራተት ደግፎታል። «ሪየንዚ» የተባለው የቫግነር ኦፔራ በ1842 ድሬስደን መድረክ ላይ እንዲወጣ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎለታል። በ1850ው ጽሑፍ ላይ ስሙ ሳይነሳ እሱም ተሰድቧል። ቫግነር ያጎረሰውን እጅ ነከሰ።

ልጄ፣ ይህ ጽሑፍ ለእኔ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስንመጣ ዕብራይስጥ አንዲት ቃል አላውቅም ነበር። ዛሬም አፌን ስከፍት ከየት እንደመጣሁ ወዲያው ይታወቃል። አንቺ ደግሞ እዚያ ጥቁር ልጅ ሆነሽ፣ ቼሎሽን ይዘሽ፣ የጀርመንን ሙዚቃ ትጫወቻለሽ። «ይህ ሙዚቃ በደምሽ የለም» የሚልሽ ሰው አንድ ቀን ሊመጣ ይችላል። በአፉ ባይል በዓይኑ ይልሻል። ያንን ሐሳብ ለሙዚቃ ሰዎች በጽሑፍ ካደሉት አንዱ ይኸው ሰው ነው። እንግዲህ በእሱ ሕግ ከሄድን አንቺ ትሪስታንን መጫወት አትችዪም። ለዚህ ነው ተጫወቺው የምልሽ። በደንብ አድርገሽ ተጫወቺው።

ከአንቺ በፊት የሄደች አለች። ግሬስ ባምብሪ ትባላለች። ጥቁር አሜሪካዊት የኦፔራ ዘፋኝ ነበረች፣ የሴንት ሉዊስ ልጅ። በ1961፣ በ24 ዓመቷ፣ ቫግነር ራሱ ጀርመን ውስጥ ባይሮይት ከተማ በሠራው ቲያትር፣ በ«ታንሆይዘር» ኦፔራው ውስጥ የቬነስን ቦታ ዘፈነች። ጥቁር ሰው እዚያ ዋና ሚና ይዞ ሲዘፍን የመጀመሪያው ነበር። የተቃውሞ ደብዳቤ በብዛት መጣ። የመረጣት የቫግነር የልጅ ልጅ ቪላንድ ግን አልተወም። እሱ ራሱ በወጣትነቱ የሂትለር የቅርብ ሰው ነበር፤ ይህንንም እወቂ። በመጀመሪያው ምሽት ሕዝቡ ደጋግሞ ወደ መድረክ ጠራት፣ 42 ጊዜ ይባላል።

አሁን ወደ ሙዚቃው ልምጣ፤ ከእኔ የበለጠ አንቺ ታውቂዋለሽ። መግቢያው የሚጀምረው በእናንተ ነው። ቼሎዎቹ ብቻቸውን ቀስ ብለው ይነሳሉ፣ ከዚያ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ይገቡና ያ ታዋቂ ኮርድ፣ አብረው የሚሰሙት ድምፆች፣ ይሰማል። ጆሮ አሁን ያርፋል ብሎ ይጠብቃል። አያርፍም። ሌላ ጥያቄ ይከተላል፣ ደግሞ ሌላ። ያ ጭንቀት እውነተኛ ዕረፍት የሚያገኘው ኦፔራው ሊያልቅ ሲል፣ ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በ1865 ሙኒክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ወዲህ የሙዚቃ ደራሲዎች እንደ ቀድሞው መጻፍ ከብዷቸዋል። ማህለር፣ ሪቻርድ ስትራውስ፣ ሾንበርግ ሁሉም በዚያ በር አልፈዋል። ፈረንሳዊው ደራሲ ደቡሲ በወጣትነቱ ባይሮይት ድረስ ሄዶ ተመሰጠ፤ በኋላ ከዚያ ተጽዕኖ ለመውጣት ብዙ ታገለ። ልብ በይ፣ ማህለርና ሾንበርግ አይሁድ ናቸው። መፍጠር አይችሉም የተባሉት ሰዎች የእሱን መንገድ ይዘው እሱ ያልደረሰበት ደረሱ።

ሌላው የተወልን ነገር የዜማ ምልክት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ጥንት ነገሥታቱና የጦር አበጋዞቹ የፈረስ ስም ነበራቸው። አባ ታጠቅ ከተባለ ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ከተባለ ምኒልክ ነው። ቫግነርም በአራቱ «የኒቤሉንግ ቀለበት» ኦፔራዎች ለሰዎቹ፣ ለሰይፉ፣ ለቀለበቱ፣ ለራይን ወንዝ እንደ ፈረስ ስም ያለ አጭር ዜማ ሰጣቸው። ዜማው ሲሰማ ባለቤቱ መድረክ ላይ ባይኖርም በሐሳብ ይመጣል። አራቱ ኦፔራዎች አንድ ላይ 15 ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ፤ ተመልካቹ እንዳይጠፋ የሚይዘው ይህ ነው። ዛሬ ፊልም ስታዪ ክፉው ሰው ከመግባቱ በፊት የእሱ ዜማ ይቀድማል አይደል? ይህንን አሠራር ሆሊውድ ውስጥ ካስለመዱት መካከል ማክስ ስታይነርና ኤሪክ ኮርንጎልድ አሉ፤ ሁለቱም ከቪየና የመጡ አይሁድ ናቸው። በ1876 የተከፈተው የባይሮይት ቲያትርም መብራቱን አጥፍቶ ኦርኬስትራውን ከዓይን ሰውሮ ነበር። ሲኒማ ቤት ጨለማ ውስጥ ቁጭ ስንል የእሱ ሐሳብ ውስጥ ተቀምጠናል ማለት ነው።

ሰርግንም አልተወም። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቻችን በላኩልን ቪዲዮ ላይ ሙሽራዋ ስትገባ በኪቦርድ የሚሰማው ዜማ የቫግነር ነው፣ ከ«ሎሄንግሪን»። ሙሽሮች ሲወጡ በብዙ አገር የሚጫወቱት ማርሽ ደግሞ የሜንዴልሶን ነው። ሁለቱ ተጣምረው ፋሽን የሆኑት በ1858 የንግሥት ቪክቶሪያ የመጀመሪያ ልጅ ስታገባ ነው። ቫግነር ያን ጊዜ በሕይወት ነበር።

ፖለቲካው ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰነፍ ንግግር ትሰሚያለሽ። አንደኛው «ቫግነር ናዚ ነበር» ይላል። አልነበረም፤ በ1883 ቬኒስ ውስጥ ሲሞት ሂትለር ገና አልተወለደም። ወጣት ሳለ አብዮተኛም ነበር። በ1849 በድሬስደኑ አመፅ ተሳትፎ፣ የእስር ትእዛዝ ወጥቶበት ወደ ስዊዘርላንድ ሸሽቷል። ሁለተኛው ደግሞ «ሥራውን ከሰውየው ለይተሽ እዪው» ይልሻል። እኔ ይህንንም አልቀበልም። እሱ ራሱ መቼ ለየው? የኦፔራዎቹን ግጥም ራሱ ጻፈ፣ ስለ ጥበብና ስለ ሕዝብ በገጽ ብዛት ጻፈ፣ ለጀርመን ጥበብ ቤተ መቅደስ እንዲሆን ብሎ ቲያትር ሠራ። ሲሞት ቲያትሩም፣ ጽሑፉም፣ ቤተሰቡም ቀሩ። ልጁ ኤቫ በ1908 ያገባችው ሂዩስተን ስቱዋርት ቻምበርሌንን ነው። ናዚዎች የተማሩበትን የዘር መጽሐፍ በ1899 ያሳተመው ሰው ማለት ነው። የልጁ የዚግፍሪድ ሚስት ቪኒፍሬድ ገና ከ1923 ጀምሮ ሂትለርን በቤቷ ተቀብላለች። ባሏ በ1930 ሲሞት የባይሮይትን የኦፔራ ፌስቲቫል እሷ ያዘች፤ ቲያትሩም የሂትለር መድረክ ሆነ። በኑረምበርግ የናዚ ፓርቲ ጉባኤዎች የቫግነር ኦፔራ «ማይስተርዚንገር» ይታይ ነበር። መንገዱን የጠረጉ፣ በሩን የከፈቱ ሰዎች በስም ይታወቃሉ። ኮርዱ ወንጀለኛ ነው አልልሽም። የቫግነር እጅ ንጹሕ ነው ግን አትበዪኝ።

ስሙ በእኛ ዘመንም ጦር ሜዳ ላይ ተሰምቷል። ሱዳን፣ ማሊ፣ ማዕከላዊ አፍሪካ እያልን በዜና ስንሰማው የነበረው ዋግነር የተባለው የሩሲያ ቅጥረኛ ቡድን ስሙን ያገኘው ከመሥራቾቹ አንዱ ከነበረው ከዲሚትሪ ኡትኪን የጦር ሜዳ መጠሪያ ነው። ታጣቂዎቹ እርስ በርስ «ሙዚቀኞች» ይባባሉ ነበር።

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የኸርማን ሌቪ ነገር ነው። ሌቪ የሙኒክ ቤተ መንግሥት ኮንዳክተር፣ የኦርኬስትራ መሪ፣ ነበር። አባቱ የጊሰን ከተማ ረቢ ናቸው። የባቫርያው ንጉሥ ሉድቪግ ኦርኬስትራውን ለቫግነር ሲያውስ መሪው አብሮ መጣ። ስለዚህ የመጨረሻውን ኦፔራ «ፓርሲፋል»ን በ1882 የመራው የረቢ ልጅ ሆነ። ቫግነር ተጠመቅ እያለ ወተወተው። አንድ ቀን ስም የሌለው ደብዳቤ መጣ፤ ሥራህን በአይሁዳዊ አታርክስ ይላል። ቫግነር ያንን ደብዳቤ ራሱ ሌቪ እንዲያነበው አደረገ። ሌቪ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ቫግነር ጠራው፣ ተመለሰ። ከዚያ ለአባቱ ምን ብሎ ጻፈ? ቫግነር ከሰው ሁሉ የላቀ ነው፤ በሙዚቃ ውስጥ «አይሁድነት» በሚለው ነገር ላይ የሚያደርገው ትግልም ከቅን ሐሳብ የመነጨ ነው አለ። ቫግነር ሲሞትም ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ሌቪ ነበር።

እኔ አባት ነኝ። ረቢው ያንን ደብዳቤ ሲያነቡ ምን እንደተሰማቸው አስባለሁ። አንቺ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዳትጽፊልኝ። ሙዚቃውን ውደጂው፣ ልብሽን ይንካው፣ አልከለክልሽም። የሚንቅሽን ሰው ንጹሕ ለማድረግ ብለሽ ግን ራስሽን ዝቅ አታድርጊ።

እዚህ እስራኤል ያለውን ነገርም በትክክል ልታውቂው ይገባል። ቫግነርን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ልማድ ነው። ጣሊያናዊው ኮንዳክተር አርቱሮ ቶስካኒኒ በ1933 ሂትለር ራሱ ደብዳቤ ቢጽፍለትም ባይሮይት አልመራም አለ። በ1936 ግን ቴል አቪቭ መጥቶ ከአውሮፓ ኦርኬስትራዎች የተባረሩ አይሁድ የተሰባሰቡበትን አዲስ ኦርኬስትራ ያለ ክፍያ መራ። በ1938 ተመልሶ ሲመጣ ከ«ሎሄንግሪን» ሁለት መግቢያዎች አጫወተ። የዚያው ዓመት ኅዳር ጀርመን ውስጥ ምኩራቦች ተቃጠሉ። ኦርኬስትራው ከዚያ በኋላ ቫግነርን አቆመ። በ1981 ኮንዳክተሩ ዙቢን ሜታ ከትሪስታን ሲያስጀምር አንድ ሰው ጠባሳውን ገልጦ እያሳየ ጮኸ። በ2001 ሌላው ኮንዳክተር ዳንኤል ባሬንቦይም ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ኮንሰርቱ ካለቀ በኋላ አዳራሹን ጠየቀ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። የተቆጡት በሩን ወርውረው እየዘጉ ወጡ፣ የቀሩት አንቺ ልትጫወቺው ያለውን ያንኑ መግቢያ ሰሙ።

ባሬንቦይም መጠየቁን አከብራለሁ። የወጡትንም አከብራለሁ። በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ በልጅነታቸው ጀርመን ውስጥ ይህን ሙዚቃ በሬዲዮ የሰሙ እናት አሉ። ሲነሳባቸው ክርክር አያነሱም፣ «ዝጋው» ይላሉ። እኔም እዘጋለሁ። እሳቸው በሕይወት እያሉ ማንም ስለ ኮርድ ሊያስረዳቸው አይገባም። ላይፕዚግ ግን አዳራሹ የሚገባው በትኬት ነው፤ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ታትሟል። መስማት ያልፈለገ አይመጣም። ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ከልምምዱ በፊት ሁለት ቦታ እንድትሄጂ እፈልጋለሁ። ቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሜንዴልሶን ሐውልት አለ። የመጀመሪያውን ናዚዎች በ1936 በሌሊት አነሱት። የከተማው ከንቲባ ካርል ጎርደለር በዚህ ምክንያት ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በኋላ በሂትለር ላይ በተሸረበው ሤራ ተከሶ በ1945 ተገደለ። አሁን ያለው በ2008 እንደገና የተሠራ ነው። ከዚያ በእግርሽ ጥቂት ስትሄጂ በ2013 የቆመው የቫግነር ሐውልት ጋ ትደርሻለሽ። ወጣቱ ቫግነር ከፊት ቆሟል፤ ከኋላው ከእሱ በጣም የሚበልጥ ጥቁር ጥላ አለ። ከተማው በልጁ ጉዳይ አልዋሸም። ደስ ብሎኛል።

ጽሑፉንም በጀርመንኛ አንብቢው። እኔ በትርጉም ነው ያነበብሁት፣ አንቺ ቋንቋውን ይዘሽዋል። ስለ ሜንዴልሶን የሚለውን ክፍል ስትጨርሺ ደውዪልኝ፣ አብረን እንነጋገርበታለን። የኮንሰርቱን ቀንም ቶሎ ንገሪኝ፤ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ፣ ትኬቱም ሳይወደድ እንቁረጥ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታለች፣ ይዤልሽ እመጣለሁ።

አባትሽ