መርፌ ከመቀየራችሁ በፊት፦ የሸክላ ማጫወቻ ሁም ከየት ይመጣል?

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ቁም ሳጥን ውስጥ የቆየ የአባት ሸክላ ይወጣል፣ ከውጭ የመጣ ማጫወቻ ይገዛል፣ አምፕሊፋየሩ ይበራል፤ ሙዚቃው ሳይጀምር ከስፒከሩ «ሁምምም» የሚል ድምፅ ይመጣል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሸክላውን ነው፤ ቀጥሎ መርፌውን። አዲስ መርፌ ተገዝቶ ይገጠማል፤ ሁሙ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚህ የባሰው «ኤርዙን (በሶኬቱ በኩል ወደ መሬት የሚወርደውን የመከላከያ ሽቦ) ቁረጠው፣ ይጠፋል» የሚለው ምክር ነው። ይህን ምክር ከሰጪውም ከተቀባዩም ለማስጣል ስል ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ከምልክቱ ማነስ ነው። ካርትሪጅ ማለት ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው፣ የመርፌውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል ነው። በብዛት የሚሠራበት ኤም ኤም (ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት) ዓይነት የሚያወጣው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ሲዲ ማጫወቻ ግን 2 ቮልት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ፎኖ፣ ማለትም አምፕሊፋየሩ ላይ ለሸክላ ማጫወቻ የተለየው መግቢያ፣ ምልክቱን 100 እጥፍ ገደማ ያጎላዋል። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ስለሚቀነስ፣ ፎኖው መልሶ ከፍ ማድረግ አለበት፤ በ50 ኸርዝ ላይ ማጉላቱ 700 እጥፍ ይደርሳል። የአገራችን መብራት ደግሞ 50 ኸርዝ ነው። በሲዲ ላይ ፈጽሞ የማይሰማ ሽርፍራፊ በፎኖ በኩል ቤቱን የሚሞላው ለዚህ ነው።

ፍተሻው የሚጀምረው መርፌውን ከሸክላው ላይ በማንሳት ነው። ሁሙ ካለ፣ ሸክላው ነፃ ነው። ቀጥሎ የድምፁን መጠን ሳትነኩ መምረጫውን ከፎኖ ወደ ኦክስ (እንደ ሲዲ ላሉ ዕቃዎች ወደሚሆነው ተራ መግቢያ) አዙሩት። በኦክስም፣ ድምፁ ዜሮ ሲደረግም ከቀጠለ በሽታው አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያረጁ የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮች ናቸው። በፎኖ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ወደ ማጫወቻው ተመለሱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ገመዱን ከፎኖ መግቢያው ነቅሎ ሲያዳምጥ አሁንም ሁም ይሰማና «አምፕሊፋየሩ ነው» ይላል። ባዶ የተተወ የፎኖ መግቢያ እንደ አንቴና በራሱ ሁም ይስባል። ትክክለኛው ፍተሻ የመሐል ፒኑና የውጪው ቀለበት በአጭር ሽቦ የተገናኙበትን የአርሲኤ ጃክ (የተለመደውን ክብ የኦዲዮ ገመድ መሰኪያ) መግቢያው ላይ መሰካት ነው፤ ያኔ ዝም ካለ አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ነው።

ከማጫወቻው ከሁለቱ የአርሲኤ ገመዶች ጋር አንድ ቀጭን ሽቦ ይወጣል። ቦታው አምፕሊፋየሩ ጀርባ «ጂ ኤን ዲ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቪስ ነው፤ የግድግዳ ሶኬት ውስጥ አይገባም። አብዛኛው ሁም የሚያልቀው እዚህ ነው። ቪሱ ዝጎ ወይም ላልቶ ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ አጥብቁት። የብረት ክንዱን በጣት ስትነኩ ሁሙ ከቀነሰ ወይም ከጨመረ ክንዱ ኤርዝ አላገኘም ማለት ነው፤ በቴስተር ከክንዱ እስከ ሽቦው ጫፍ ከጥቂት ኦም በላይ ማንበብ የለበትም። ቀጭኑ ሽቦ የሌላቸው፣ ኤርዛቸው በአንዱ የአርሲኤ ገመድ ውስጥ የሚያልፍ ማጫወቻዎችም አሉ፤ በእነሱ ላይ አትፈልጉት። ፎኖው ውስጡ የተሠራለት ማጫወቻ ከሆነ ጀርባው ላይ ያለውን ማብሪያ እዩ፦ «ላይን» ላይ ከሆነ ገመዱ ኦክስ ላይ ይሰካል። ከ«ላይን» ወደ ፎኖ ከገባ ሁለቴ ይጎላና ድምፁ ይሰነጣጠቃል።

ሁሙ በአንድ ስፒከር ብቻ ሲሆን የቀኙንና የግራውን ገመድ አምፕሊፋየሩ ላይ አለዋውጡ። ሁሙ ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ችግሩ ከገመዱ ወደ ካርትሪጁ ባለው መንገድ ላይ ነው። ካርትሪጁ ጀርባ አራት የፀጉር ያህል ሽቦዎች አሉ፦ ነጭ የግራ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊ የግራ ኔጌቲቭ፣ ቀይ የቀኝ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴ የቀኝ ኔጌቲቭ። ከእነዚህ አንዱ ሲላላ በዚያ ወገን ሁም ይገባል። ማጫወቻውን ከአምፕሊፋየሩ ነቅላችሁ በአርሲኤው ፒንና ቀለበት መካከል በቴስተር ለኩ። ኤም ኤም ካርትሪጅ ከ400 እስከ 1500 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ምንም ካላነበበ መስመሩ ተበጥሷል፣ ዜሮ ካነበበ ተነካክቷል። ኤም ሲ (ጥቅልሉ የሚንቀሳቀስበት) ካርትሪጅን ግን በቴስተር አትለኩ፤ ጥቅልሉ በጣም ስስ ነው። ሽቦውን በወረንጦ ሰኩት እንጂ ፒኑ ላይ አትበይዱ፤ ሙቀቱ ጥቅልሉን ይበጥሰዋል።

ከአሜሪካ ለሚመጣ ማጫወቻ 110 ቮልት የሚያወጣ ትራንስፎርመር ይገዛለታል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ማጫወቻው ሥር ወይም ጎን ይቀመጣል። ትራንስፎርመሩ የሚረጨውን የማግኔት ኃይል ካርትሪጁ በቀጥታ ይቀበለዋል። ክንዱን በእጃችሁ ከዳር ወደ መሐል ስትወስዱ ሁሙ ከፍ ዝቅ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ትራንስፎርመሩን ቢያንስ 1 ሜትር አርቁት። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን እንደማይቀይርም ልብ በሉ። ለ60 ኸርዝ የተሠራ የኤሲ ሲንክሮነስ ሞተር (ፍጥነቱ የመብራቱን ኸርዝ የሚከተል) እዚህ 33⅓ ዙር መዞር ሲገባው 27.8 ብቻ ይዞራል፤ ዘፋኙም በሦስት ሴሚቶን ወፍሮ ይሰማል። መፍትሔው የ50 ኸርዝ ፑሊ (ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚገጠም መዘውር) ነው። ዲሲ ሞተር ያለው ይህ አይነካውም።

የቀረው የኤርዝ ሉፕ ነው። አምፕሊፋየሩ በሶኬቱ ኤርዝ ያገኛል፤ የቴሌቪዥን ዲሽ ሪሲቨሩ ደግሞ በዲሽ ገመዱ በኩል ከጣሪያ ብረት ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱን በኦዲዮ ገመድ ስታያይዙ 50 ኸርዝ የሚዞርበት ቀለበት ይፈጠራል። ከማጫወቻውና ከስፒከሮቹ በስተቀር ሁሉንም ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉና አንድ በአንድ መልሱ። የዲሹ ገመድ ሲነቀል ከጠፋ፣ በሪሲቨሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል የኦዲዮ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር (ድምፁን አሳልፎ የሁለቱን ኤርዝ የሚለያይ) አስገቡ። ኤርዝ መቁረጥም ሁሙን ሊያጠፋው ይችላል፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ የመብራት ሽቦ ተልጦ ሣጥኑን ቢነካ፣ 220 ቮልቱ በጂ ኤን ዲ ቪሱና በቀጭኑ ሽቦ አልፎ መርፌውን ለማንሳት እስከምትይዙት ክንድ ድረስ ይመጣል።

አንዱ አራት ማዕዘን በሌላው ውስጥ የተሣለበት ዕቃ ከመነሻው ያለ ኤርዝ እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው። ኤርዝ ይዞ የተሠራ ዕቃ ሁሉ ግን ኤርዙ ያስፈልገዋል። የሙያ ባልደረቦቼ፣ ኤርዙ ተቆርጦ የመጣ ዕቃ ስትቀበሉ ሌላውን ጥገና ከመጀመራችሁ በፊት ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ግጠሙለት፤ ደንበኛውንም ለምን እንደሆነ ንገሩት።

የድምፅ መሣሪያ ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ