ጆሮም ያዞራል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የጤና ገጽ ላይ ስለ ራስ ማዞር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደም ግፊት ተጠቅሷል። ደም ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ ውሃ አለመጠጣት፣ ጭንቀት፣ ሁሉም አለ። ጆሮ የለም። ዘልዬው ይሆናል ብዬ ከላይ ጀምሬ ደግሜ አነበብኩት፤ የለም። ይባስ ብሎ እዚያው ገጽ ግርጌ፣ በሳጥን ውስጥ፣ ጆሮን በየሳምንቱ በጥጥ ማጽዳት ጥሩ ነው የሚል ምክር ገብቷል። መጠቀስ የነበረበት ቦታ ተረሳ፣ መነካት የሌለበት ቦታ ተነካ።

የተናደድኩት በከንቱ አይደለም። እናንተ ያወጣችሁትን ዝርዝር እኔ ሰባት ወር በእግሬ ዞሬዋለሁ።

አንድ ሌሊት በቀኝ ጎኔ ልገላበጥ ስል ጣሪያው ዞረ። ዞረ ስል ዓይኔ ጨለመ ወይም ራሴን ቀለለኝ ማለቴ አይደለም። ክፍሉ በሙሉ እንደ ማራገቢያ ተሽከረከረ። የፍራሹን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ። ጠዋት ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል ደገመኝ፣ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ላወርድ ቀና ስል ደገመኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ስሠራ ግን ምንም የለብኝም። ሰው ሲያየኝ ደህና ነኝ፤ አስመሳይ እስክመስል ድረስ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ግፊቴ ተለካ፣ ደህና። ደም ሰጠሁ፣ ደህና። የአንገት ራጅ ተነሣሁ፣ እሱም ደህና። ጭንቀት ነው ተባልኩና ክኒን ተሰጠኝ። ክኒኑ ቀን በቀን እንቅልፍ ከማምጣት በቀር ምንም አልፈየደልኝም። ሰባት ወር ሙሉ "የሚያዞርህ ስትገላበጥ ነው ወይስ ስትቆም?" ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ግማሹ ምርመራ እኮ ይቺ ጥያቄ ናት። ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የግፊት መውረድ ይጠረጠራል። ተኝተው ሲገላበጡ የሚመጣ ከሆነ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ጆሮ ነው።

በመጨረሻ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። ዶክተሯ ያቺን ጥያቄ ጠየቀችኝ። ከዚያ አልጋው ላይ እግሬን ዘርግቼ አስቀመጠችኝ፣ ራሴን በከፊል ወደ ቀኝ አዞረችና "ዓይንዎን እንዳይጨፍኑ" ብላ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ አስተኛችኝ። ጭንቅላቴ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ወረድ ብሏል። ሦስት አራት ሰከንድ ምንም የለም። ከዚያ ያ የማውቀው ሽክርክሪት መጣ። እኔ እጇን አንቄ ይዤ እጮኻለሁ፣ እሷ የምታየው ዓይኔን ነው። "ይኸው" አለች። ለካ ዓይኔ ያለ እኔ ፈቃድ እየዘለለ ኖሯል።

ሲቆምልኝ ራሴን ቀስ ብላ ወደ ግራ አዞረችው፣ ጠበቀች። አፍንጫዬ ወደ ወለሉ እስኪያይ በግራ ጎኔ አስተኛችኝ፣ ጠበቀች። ከዚያ አስነሣችኝ። ደግማ ስትሞክረኝ ጣሪያው ጣሪያ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ሰባት ወር ያንከራተተኝ ነገር አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ምን ነበር? ጆሮ ሁለት ሥራ ነው ያለው፤ መስማትና ሚዛን መጠበቅ። በውስጠኛው ጆሮ፣ ለመስማት ከሚያገለግለው ቀንድ አውጣ መሰል ክፍል ጎን፣ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ግማሽ ቀለበት የሚመስሉ ቦዮች አሉ። ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፣ አንጎልም መዞራችንን ያውቃል። እዚያው አጠገብ ደግሞ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ በዓይን የማይታዩ ጠጠሮች አሉ፣ ጠመኔ ከሚሠራበት ያው ንጥረ ነገር ማለት ነው። ላይና ታችን የምንለየው በነሱ ነው። በዕድሜ፣ ጭንቅላት ሲመታ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት ከቦታቸው ይላቀቁና ወደ አንዱ ቦይ ይገባሉ። ሰው ሲገላበጥ ጠጠሮቹ ይንከባለላሉ፣ ፈሳሹን ይገፋሉ፣ ጆሮ "እየዞርን ነው" ይላል፣ ዓይን "ኧረ ቆመናል" ይላል። ጭቅጭቃቸው ነው ጣሪያውን የሚያዞረው። ዶክተሯ ያደረገችው ጠጠሮቹን አንከባልላ ከገቡበት ቦይ ማስወጣት ብቻ ነው።

ይሄ አዲስ ግኝት ቢሆን ባላማረርኩ። ምርመራው ዲክስ ሆልፓይክ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ሕክምናው የኤፕሊ ዘዴ ነው፤ ጆን ኤፕሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው። ከነሱም በፊት ሮበርት ባራኒ የሚባል የቪየና ሐኪም የሰው ጆሮ በውሃ ሲያጥብ ውሃው በጣም ከቀዘቀዘ ወይም ከሞቀ ሰውየውን እንደሚያዞረውና ዓይኑ እንደሚዘል አስተዋለ፤ በዚህ ጥናቱ እ.ኤ.አ. የ1914ን የኖቤል ሽልማት ወሰደ። (ሽልማቱ ሲታወጅለት ሩሲያ ውስጥ የጦር ምርኮኛ ነበር፣ ታሪኩ ራሱን የቻለ ነው።) ጆሮ እንደሚያዞር ከታወቀ እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የእናንተ ገጽ ላይ ግን አልደረሰም።

ዶክተሯ እግረ መንገዴን መስማቴንም አስመረመረችኝ፤ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፣ አንዱ ሲታመም ሌላውም ይታያል። ወፍራም በር ያለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሄድፎን አድርጌ፣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የምጫናት ቁልፍ ይዤ ተቀመጥኩ። ድምፁ እየቀጠነ እየቀጠነ ይሄድና መስማቴን ይሁን መመኘቴን መለየት ያቅታል። ሁለት ሦስቴ በይሉኝታ ሳልጫን አልቀረሁም። ከዚያ ሄድፎኑን አውልቀው ከጆሮዬ ኋላ አጥንቱ ላይ አንዲት ነገር ለጠፉብኝ። ለምን? ስል ባለሙያው እንዲህ አስረዳኝ። በአጥንት በኩል ደህና እየሰሙ በአየር በኩል የማይሰሙ ከሆነ እክሉ ከፊት ነው፤ ኩክ ዘግቶት፣ ታምቡሩ ተበስቶ፣ ከኋላው ፈሳሽ ቋጥሮ፣ ወይም መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉት ሦስት ትናንሽ አጥንቶች ተይዘው ይሆናል። አብዛኛው ሕክምና አለው። በሁለቱም በኩል ከቀነሰ ግን ችግሩ ከውስጥ ነው፣ ወይ ነርቩ ጋ።

የእኔ ግራ ጆሮ 4000 ኸርዝ በሚባለው ቀጭን ድምፅ ላይ ጉድጓድ አለው፤ እዚያ ላይ መስማቱ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። "ጩኸት ቦታ ሠርተው ያውቃሉ?" አለኝ ገና ወረቀቱን ሲያየው። በወጣትነቴ ስድስት ዓመት ጀነሬተር አጠገብ ነበር የምሠራው። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት 15,000 ገደማ ናቸው፣ የሰው ደግሞ አንዴ ከሞተ አይበቅልም። 85 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ላይ በቀን 8 ሰዓት፣ 88 ላይ 4፣ 91 ላይ 2 ሰዓት ነው ልኩ፤ በየ3 ዲሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸው፣ ማለትም ቀጫጭን ድምፆች ሲጠፉ ሰው መናገሩ ይሰማል፣ ያለው ነገር ግን አይለይም። ጫጫታ ባለበት "ስም" ይሁን "ፍም" አላውቅም። እኔ ደግሞ ለዓመታት ሰዎች ማጉተምተም ልማድ ያደረጉ መስሎኝ ነበር።

ስለ ጥጡ አንድ ነገር። ኩክ ቆሻሻ አይደለም፣ የጆሮን ቆዳ ይጠብቃል፣ ደግሞም ቀስ እያለ ራሱን ያወጣል። የጆሮ ቀዳዳ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ጥጡ የሚያደርገው ኩኩን ገፍቶ ታምቡሩ ላይ መጠቅጠቅ ነው። እባካችሁ ያንን ሳጥን አርሙት።

በምትኩ ሁለት ነገር ብታስገቡ ደስ ይለኛል። አንደኛው፣ የአንድ ጆሮ መስማት በድንገት ከጠፋ ኩክ ነው ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። አንድ የማውቀው ሰው ጠዋት ሲነሣ አንድ ጆሮው ተደፍኖ አገኘው፣ ይከፈታል ብሎ አንድ ወር ጠበቀ። ለዚህ የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባል ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት የሚረዳው በቶሎ፣ በቀናት ውስጥ ሲጀመር ነው። አልተመለሰለትም። ሁለተኛው፣ ማዞር ከምላስ መኮላተፍ፣ ከፊት መጣመም፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከመታየት ወይም ጨርሶ መቆም ካለመቻል ጋር ከመጣ የጆሮ ነገር ብሎ መቀመጥ አይገባም። ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

እኔ ባለፈው ወር ደግሞ ተመለሰብኝ። ብዙ ሰው ላይ ይመላለሳል ተብዬ ስለነበር አልደነገጥኩም። አሁንም ቀኝ ጎኔ። በነጋታው ማለዳ ዶክተሯ ጋ ሄድኩ፣ ተንከባለልኩ፣ ሥራዬ ላይ የደረስኩት አርባ ደቂቃ አርፍጄ ነው።

አንባቢያችሁ