ካቻቢቴ የማን ቋንቋ ነው? የታሪክና ቅርስ ክበብ ዘንድሮ

ዕቅዳችን ጎንደር ነበር። ፒያሳ ላይ ቆመን ጣሊያን የሠራውን ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት ልናይ፣ ከዚያ ፋሲል ግቢ ልንገባ። የወላጅ ፈቃድ ሰበሰብን፣ አውቶቡስ ተነጋገርን፣ ግን የመንገዱ ነገር እንደምታውቁት ሆነና ሁለት ጊዜ ተሰረዘ። በሁለተኛው ልጆቹ ምሳቸውን ቋጥረው መጥተው ነበር። እውነት ለመናገር ከእነሱ ይልቅ ያኮረፍኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን እንዲያው ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ ብዬ ክፍል አስገባኋቸውና ስለ አምስቱ ዓመት ማውራት ጀመርኩ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ያዘን፣ በ1933 ወጣ፣ ቅኝ ግን አልተገዛንም፣ የለመድነው ነገር። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አባዬ የጋራዥ ዕቃ ስም ሁሉ የጣሊያን ነው ይላል። ካልተገዛን ከየት መጣ?»

ቶሎ የምመልሰው አልነበረኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቷ ጋራዥ ሄድን።

ሰውየው ታሪክ አስተማሪ ቢሆኑ እኔን ሥራ ያስፈቱኝ ነበር። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ዕቃውን ያልነካ ስሙን አይጽፍም። ካቻቢቴ ይዞ ብሎን ያላላ ብቻ «ካቻቢቴ» ብሎ ይጽፋል። ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ፣ እንዲህ እያለ ደብተሩ ሁሉ ግሪስ በግሪስ ሆነ። ዩኒፎርሙም ጭምር፣ ወላጆች ይቅርታ አድርጉልን።

ትምህርት ቤት ተመልሰን ቃላቱን ስንለይ ጭቅጭቅ ተነሳ። ካልሲ ገባ። ሳሙና ከጣሊያን ነው ተብሎ ተጽፎ ነበር፣ ከዓረብኛ መሆኑ ሲታወቅ ተሰረዘ። ደግሞ ሁሉም ቃል በአምስቱ ዓመት አልመጣም፤ ጣሊያን ኤርትራን ቅኝ ያደረገው ገና በ1882 ነው፣ ከ1933 በኋላም አገር ቤት ቀርተው በሙያቸው የኖሩ ጣሊያኖች ነበሩ። ስለዚህ ካቻቢቴን ወታደር ይዞት ይምጣ መካኒክ፣ ከቃሉ ብቻ መለየት አይቻልም። ለልጅቷም ይህንኑ ነገርኳት። ብዙም አላረካትም።

ክፍሉን ጸጥ ያደረገው ግን ባንዳ የሚለው ቃል ነው። አንዱ ልጅ እርሳስ የነጠቀውን ጓደኛውን «ባንዳ!» ብሎ ሰደበው፣ ሌላው ቀበል አድርጎ «እሱስ የማን ቃል ነው?» አለ። የጣሊያን ነው። ጣሊያን ለራሱ ያሰለፋቸውን ያገር ሰዎች የሚጠራበት ስም ነበር። ለእሱ የጦር ክፍል ስም የነበረው ለእኛ የመጨረሻው ስድብ ሆኖ ቀረ።

ሚያዝያ 27 ትንሽ ዐውደ ርዕይ አዘጋጀን። ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ የገባውም፣ ንጉሡ በ1933 ተመልሰው የገቡትም በዚሁ ቀን መሆኑን ብዙ ወላጅ አላስተዋለውም ነበር። ስለ በላይ ዘለቀ የጻፉት ልጆች አንድ ቦታ ላይ ተጣብቀው ቀሩ። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያችን በስሙ የሚጠራ አርበኛ፣ ጣሊያን አምስት ዓመት ጎጃም ላይ ያልጨበጠው ሰው፣ በ1937 በገዛ መንግሥቱ ተሰቀለ። «ለምን?» ይላሉ። ሸፍቷል ተብሎ ነው አልኳቸው። «እና እውነት ነው?» ሦስት ቅዳሜ ፈጀን፤ ፖስተሩም በጥያቄ ምልክት አለቀ። እኔም እንዲጠፋ አልፈቀድኩም።

ጋራዡ ለማስታወሻ አንድ የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል ሰጥቶናል። ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። «የጣሊያን ወረራ ቅርስ» ብለው ሊለጥፉበት ሲሉ ባለቤቱ ከአይሱዙ የወጣ እንደሆነ ነገሯቸው። መኪናው የጃፓን፣ ስሙ የጣሊያን፣ የተሰበረው ባሕር ዳር። ወረቀቱ እስካሁን ባዶ ነው።