ኮርማ ስትመርጡ ሻኛውን ብቻ አትዩ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከአሁን በኋላ ከድሬዳዋ ሱቃችን የኮርማ ዘር ስትወስዱ የኮርማውን የዘር ግምት፣ ማለትም ኮርማው ለጥጆቹ የሚያወርሰውን የሚገምቱ ቁጥሮችን የያዘ ወረቀት አብረን እንሰጣችኋለን። ብዙዎቻችሁ «ይሄ ቁጥር ምን ይሠራልናል?» ስላላችሁን ነው ይህን የምንጽፈው።

የሐረር ሰንጋ ስሙ የገነነው ገበሬው ደጁ ላይ አስሮ የማሽላ ቅጠልና አገዳ እያጎረሰ ስለሚያደልበው ነው። ያ ውፍረት የቀለብና የድካም ውጤት ነው፣ ወደ ጥጃ አያልፍም። አንዱ ወይፈን ዝናብ በጠገበ ዓመት፣ ሌላው በድርቅ ተወልደው ገበያ ላይ ጎን ለጎን ቢቆሙ በዘሩ የሚበልጠውን ዓይን አይለየውም። ግምቱ ግን የኮርማውን፣ የወላጆቹን፣ የወንድምና እህቶቹን፣ ጥጆች ካሉትም የጥጆቹን ክብደት፣ አብረዋቸው በአንድ ቦታና በአንድ ወቅት ካደጉት ጋር አወዳድሮ የቀለቡን ድርሻ ይቀንስና የዘሩን ያስቀራል።

አንድ ቁጥር ለብቻው ብዙ አይናገርም፤ የሚጠቅመው ልዩነቱ ነው። የአንዱ ኮርማ የጡት መጣያ ክብደት ግምት 20፣ የሌላው 10 ቢል፣ ተመሳሳይ ላሞችን ቢያጠቁ የመጀመሪያው ጥጆች በአማካይ በ10 ፓውንድ፣ 4.5 ኪሎ ገደማ፣ ይበልጣሉ ማለት ነው። ይህ የአሜሪካ ወረቀት ከሆነ ነው። የአውስትራሊያው የኮርማውን ሙሉ ግምት በኪሎ ስለሚጽፍ ከ10 ኪሎው ልዩነት ለጥጃው የሚደርሰው ግማሹ፣ 5 ኪሎ ነው። ስለዚህ የሁለት አገርን ወይም የሁለት ዝርያን ቁጥር እንዳለ አታወዳድሩ።

ከግምቱ ጎን ከ0 እስከ 1 ወይም በመቶኛ የሚጻፍ የአስተማማኝነት ቁጥር አለ። ጥጃ ያልተመዘነለት ወጣት ኮርማ ላይ ዝቅ ይላል፣ የተመዘኑ ጥጆቹ ሲበዙ ከፍ ይላል። ዝቅ ካለ ኮርማው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ግምቱ ገና ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሆን መንጋችሁን በሙሉ በአንድ ኮርማ አታስጠቁ።

አደራ የምንላችሁ ግን የልደት ክብደት ላይ ነው። ትልቁን ቁጥር ይዞ መሮጥ እዚህ ጋ ጉድ ያደርጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ ትንሽ የኦጋዴን ወይም የቦረና ጊደር ከባድ ጥጃ የሚሰጥ የውጭ ኮርማ ዘር ከተሰጣት ምጡ ይጠናባታል፣ ጥጃውም እናቲቱም ሊሞቱ ይችላሉ። ለጊደር የልደት ክብደቱ ዝቅ ያለውን ምረጡ፣ በእድገት ትንሽ ቢያንስም።

ሌላው፣ የውጭ ኮርማ የተመዘነው በራሱ አገር ግጦሽና አየር ነው። የድሬዳዋን ሙቀትና መዥገር ወረቀቱ አያውቀውም። ለዚህ መድኃኒቱ የራሳችሁ መዝገብ ነው፦ ጥጃው የተወለደበት ቀን፣ አባትና እናቱ፣ የልደትና የጡት መጣያ ክብደቱ። ሚዛን ከሌላችሁ በደረት መለኪያ ሜትር መገመት ይቻላል፤ ሜትሩ ሱቃችን አለ፣ አለካኩንም እናሳያችኋለን። ለማዘዝ ስትደውሉ የምታስጠቁት ጊደር ይሁን የወለደች ላም ቀድማችሁ ንገሩን።