በብርድ ወራት ከውሻችን ጋር አንድ ሌሊት እንድናድር ይፈቀድልን፦ ለምዕራብ አየርላንድ የካውንቲ ምክር ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ከኦክቶበር እስከ ማርች ካምፐርቫኖች በባሕር ዳርቻ የመኪና ማቆሚያዎች ለአንድ ሌሊት እንዲያድሩ ስለመፍቀድ

ክቡራንና ክቡራት፣

የምኖረውም ግብር የምከፍለውም በዚሁ አገር ነው። አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው አሮጌ ካምፐርቫን አለኝ፤ ቡቺ የሚባል ያረጀ ውሻም አለኝ። ይህንኑ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ለጽሕፈት ቤቶቻችሁ ልኬዋለሁ። በአማርኛ ያወጣሁት ከማውቃቸው ወገኖቼ አንዳንዶቹም እንዲህ ያለ መኪና እየተከራዩ ወደ ምዕራቡ ጠረፍ መውጣት ስለጀመሩ ነው፤ ጉዳዩ እነርሱንም ይመለከታል።

በብዙ የባሕር ዳርቻዎች መግቢያ ላይ አንድ ምሰሶ ሁለት ሰሌዳ ተሸክሞ ይታያል። የላይኛው ስለ ውሻ ነው፦ በሙቀቱ ወራት፣ ዋናተኛ በሚበዛበት የቀን ሰዓት ውሻ ወደ አሸዋው እንዳይገባ ይከለክላል፤ በቀረው ጊዜ ይፈቅዳል። የታችኛው ስለ ማደር ነው፦ ሌሊት ማደር ክልክል ነው ይላል፣ በቃ። ወር አይጠቅስም፣ ወቅት አይለይም። ወቅት ሲለወጥ የቦታው ነገርም እንደሚለወጥ ምክር ቤቱ በላይኛው ሰሌዳ አምኗል። በታችኛው ላይ ግን ጁላይና ጃንዋሪ አንድ ሆነዋል። የምጠይቃችሁ ይህ እንዲታረም ነው።

የሙቀቱ ወራት ክልከላ ያለ ምክንያት እንዳልመጣ አውቃለሁ። በ2020 እና በ2021 በኮቪድ የተነሳ ሕዝቡ ዕረፍቱን በአገር ውስጥ ሲያሳልፍ መኪና ማቆሚያዎቹ ተጨናነቁ፤ ከፊሉ ቆሻሻውን ጥሎ ሄደ፤ የአካባቢው ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ባሕሩ ሲወርድ የሚቆምበት ቦታ አጣ። ስለ ጁላይና ኦገስት አልከራከርም። በእነዚያ ወራት የግል ካምፖች ክፍት ናቸው፤ ከፍሎ እዚያ ማደር ተገቢ ነው።

በኖቬምበር ግን አብዛኞቹ ካምፖች በራቸውን ዘግተዋል። ዶኒጎልን ከኮርክ የሚያገናኘው 2,500 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዋይልድ አትላንቲክ ዌይ የተባለው የጠረፍ መንገድ ጭር ይላል። የአገሪቱ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ፎልቻ አየርላንድ የቱሪስት ወቅቱ እንዲራዘም፣ ጎብኚ በብርዱም ወራት ወደ ምዕራብ እንዲመጣ ለዓመታት ሲወተውት ቆይቷል። እኛ መጥተናል። ከመንደሩ ሱቅ ዳቦና ጋዝ እንገዛለን፣ ከወደቡ ዓሣ እንገዛለን፣ ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ አፈር በሚነድበት መጠጥ ቤት እራት እንበላለን። ከእራት በኋላ የት እንደር? በዲሴምበር ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። ውሻ የሚቀበል ሆቴል ማግኘት በሙቀቱ ወራት እንኳ አድካሚ ነው፤ በብርዱ ደግሞ ትንንሾቹ የእንግዳ ማረፊያዎች ራሳቸው ይዘጋሉ።

ባለፈው ዓመት በአንድ ካውንቲ፣ ዝናቡ በጎን እየመታ፣ አንድ ተቆጣጣሪ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ መስኮቴን አንኳኳ። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ሦስት መቶ መኪና የሚይዘው ሜዳ ላይ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ቡቺን ከብርድ ልብሱ አስነሥቼ፣ አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ፣ ግራና ቀኙ በድንጋይ ካብ በታጠረ መንገድ በጨለማ ነዳሁ። በመጨረሻ ያደርኩት ከዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ለእኔም ለሌላው አሽከርካሪም ከባሕሩ ዳር እጅግ የባሰ ቦታ። ያ ክልከላ በዚያ ሌሊት ማንን እንደጠቀመ እስካሁን አልገባኝም።

ፈቃድ ስጠይቅ ግዴታውንም አብሬ ነው የምጠይቀው። በተለይ ስለ ውሾች የምለው ለብዙ የውሻ ባለቤቶች ላይጥም ይችላል።

የውሻው ደንብ የተጻፈው ለዋናተኛ ነው። ስለዚህ በሙቀቱ ይጠብቃል፣ በብርዱ ይላላል። ነገር ግን የጠረፉ ዋነኛ እንግዶች የሚመጡት በብርዱ ነው። ሆዳቸው ነጣ ያለው የብሬንት ዝይዎች በካናዳ አርክቲክ ተፈልፍለው፣ የግሪንላንድን በረዶ አቋርጠው፣ አይስላንድ ላይ ዐርፈው እዚህ ይደርሳሉ፤ የዚህ ወገን ዝይዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ብርዱን የሚያሳልፉት በአየርላንድ ነው። ማዕበሉ ሲሸሽ በጭቃው ላይ የባሕር ሣር ይለቅማሉ። አንድ ውሻ እየጮኸ ሲሮጥባቸው መንጋው በሙሉ ብድግ ይላል፤ ዞሮ ያርፋል፤ ሌላ ውሻ ይመጣል፤ እንደገና ይነሣል። በእያንዳንዱ መነሣት የሚባክነው በጸደይ ወደ ሰሜን የሚመለሱበት ስንቅ ነው። ይህን በዓይኔ ካየሁ ወዲህ ቡቺ ወፍ ባለበት ዳርቻ ላይ ከማሰሪያው አይፈታም። ማንም ሰው ግን እንዲህ አድርግ ብሎኝ አያውቅም። የሙቀቱን ወራት የሚናገር ሰሌዳ ሞልቷል፤ የዝይዎቹን ወራት የሚናገር ሰሌዳ ግን ያየሁት በጥቂት ቦታ ብቻ ነው።

እንግዲህ በአዲሱ ደንብ ውስጥ ይህ ይግባ፦ ውሻ ይዞ የሚያድር ሰው ወፎች በሚመገቡበት ዳርቻና በጎች በተሰማሩበት መሬት ሁሉ ውሻውን ያስራል። ግልገሎች በሚወለዱበት ወቅት ይህ ለገበሬው የኑሮ ጉዳይ ነው። ማኸር በሚባለው፣ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ በቀር በሌላ አገር በማይገኘው አሸዋማ የሣር ሜዳ ላይ መኪና አይግባ፤ ማደር የሚፈቀደው በአስፋልቱ ወይም በጠጠሩ ላይ ብቻ ይሁን። መጸዳጃ የሌለው መኪና አይደር፤ ድንኳንና ወንበር ውጭ አይዘርጋ። የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ፈቃዱ በራሱ ይቋረጥ። ጃንዋሪ 24 ቀን 2025 ኤዊን የተባለው ማዕበል በጎልዌይ ጠረፍ በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር ነፋስ ሲያስነሣ፣ በዚያ ሌሊት ማንም ሰው ባሕር ዳር መኪና ውስጥ መተኛት አልነበረበትም።

ቆሻሻን በተመለከተ መልሱ ያለው በእናንተ እጅ ነው። የመጸዳጃ ማጠራቀሚያችንን የምናራግፍበት ቦታ በብርዱ ወራት ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ካምፖቹ ሲዘጉ ማራገፊያቸውም ይዘጋል። ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር የተያያዘ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ የክፍያ ማሽን በየወደብ ከተማው ቢኖር ይበቃል። በፈረንሳይ ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶች ሳይቀሩ ይህን ይሰጣሉ። የስኮትላንድ የመንግሥት ደን መሥሪያ ቤትም በተመረጡ መኪና ማቆሚያዎቹ፣ መጸዳጃ ያላቸው ካምፐርቫኖች ማታ ገብተው ጠዋት እንዲወጡ ፈቅዷል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግ፤ በኮርክ ካውንቲ በኮብ ከተማ ወደቡ ዳር የካምፐርቫን ማደሪያ አለ። እኔ በበኩሌ ለሌሊቱም ለማራገፊያውም እከፍላለሁ፤ እንደ እኔ የሚጓዙ የማውቃቸው ሰዎችም እንዲሁ።

ከፍ ያለ መኪና እንዳይገባ በአንዳንድ መኪና ማቆሚያዎች መግቢያ ላይ በ2 ሜትር ከፍታ የተጋደመውን የብረት አግዳሚ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አግዳሚው ቀንም ይከለክለናል። ማደሩ ቀርቶ ውሻ ለማንሸራሸር እንኳ መግባት አንችልም። ከኦክቶበር እስከ ማርች ይነሣ።

የአካባቢ ደንብ ሲወጣ ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት እንደሚሆንና የሚያጸድቁትም የተመረጡት የምክር ቤቱ አባላት እንደሆኑ አውቃለሁ። ይህ ወራት ይፈጃል። ረቂቁ በጸደይ ካልወጣ ለኦክቶበር አይደርስም። ስለዚህ ጉዳዩ በቅርቡ በምታደርጉት ስብሰባ አጀንዳ እንዲሆን፣ ለመጀመሪያው ዓመት ሙከራም በየካውንቲው ሁለት ወይም ሦስት መኪና ማቆሚያዎች እንዲመረጡ እጠይቃለሁ። ስትመርጡ ገበሬዎቹን፣ ወፎቹን የሚቆጥሩትን ባለሙያዎችና የመንደሩን ባለሱቆች አማክሩ፤ የትኛው ቦታ እንደሚስማማ ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የካምፐርቫን ተጓዥ

ግልባጭ፦ ለፎልቻ አየርላንድ