ዱላው እኔ ዘንድ አለ፦ የምስጋና መልእክት

በኅዳር ወር አጋማሽ፣ በአንድ እሑድ ረፋድ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ከብስክሌት ወድቄ የቀኝ ጭኔ አጥንት በተሰበረ ጊዜ ለደረሳችሁልኝ ሁሉ ይህን መልእክት የምጽፈው፣ ራሳችሁ ታነቡት ወይም የሚያነብላችሁ ሰው ታገኙ ይሆናል በሚል ተስፋ ነው። ቤታችሁ ድረስ መጥቼ እጅ መንሣት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን የአብዛኞቻችሁን ስም እንኳ አላውቅም፣ እግሬም እስካለፈው ሳምንት ድረስ ያለ ክራንች ከአልጋዬ እስከ ግቢያችን በር አላደረሰኝም። አሁን ያለ ደጋፊ መራመድ ስለ ጀመርሁ ከዚህ በላይ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ።

አምስት ጓደኛሞች ነን፤ አራት ወንዶችና አንዲት ሴት። ጎንደር ዳገቷ የበዛ ስለሆነ እንደ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ አይደለችም፤ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ብስክሌት ይዞ ለወጣ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሆኖም ከሥራ በምናርፍባቸው ቀኖች ወደ ጠዳ፣ ወደ ማክሰኝት፣ አንዳንዴም እስከ እንፍራንዝ ስንጓዝ ቆይተን፣ በዚያ ሳምንት ደባርቅ አድረን ለመመለስ ወሰንን። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ቅዳሜን ያሳለፍነው ኮርቻ ላይ ከተቀመጥንበት ይልቅ ፔዳሉ ላይ በቆምንበት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ጎህ እንደ ቀደደ ተነሥተን፣ ወለቃን አልፈን፣ ኮሶዬ ላይ ገደሉን ቁልቁል እያየን ቁርሳችንን በልተን፣ የወገራን ብርድና የዳባትን ነፋስ ተሻግረን ጀንበር ሳትጠልቅ ደባርቅ ገባን። ከመካከላችን ትንሹ፣ በማግሥቱ ማለዳ ሊማሊሞን ጥቂት ወረድ ብለን እንየው ብሎ ቢለምንም ታላቃችን እምቢ አለ።

ስለዚህ ታላቃችን አስቀድሜ መናገር ይኖርብኛል። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጠንና ዓመታት ሙሉ «ጋሼ ትራፊክ» እያልን ያሾፍንበት ሰው ነው። ለጉዞው ሳምንት ሲቀረው የአምስታችንንም ብስክሌት ፒያሳ ወዳለው ጠጋኝ አስወስዶ የተበላ የፍሬን ጎማ ሁሉ እንዲለወጥ አደረገ፤ (ጠጋኙም ወንድማችን የእጁን ዋጋ ሳይቀበል «ስትመለሱ ታመጡልኛላችሁ» ብሎ ነበርና ለእርሱም ምስጋናዬ ይድረሰው፣ ዕዳችንንም አልረሳነውም።) ሄልሜት ያላደረገ እንዳይነሣ፣ ከጨለመ በኋላ ማንም እንዳይነዳ፣ ሁላችንም በአንድ ረድፍ እንድንሄድ፣ ስማችንን፣ የቤተሰብ ስልክና የደም ዓይነታችንን በካርድ ጽፈን በፕላስቲክ ጠቅልለን ከኮርቻው ሥር እንድናስር አዘዘን። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬንን አጥብቆ ይዞ መቆየት የጎማውን ብረት እንደሚያግል አስረድቶ፣ ይህንንም በቃል ብቻ ሳይተወው፣ ከኮሶዬ ወዲህ ባለ አንድ ቁልቁለት ግርጌ አስቁሞን እያንዳንዳችን ብረቱን በጣታችን ጫፍ እንድንነካ አደረገ። የእኔን ስነካው የጋለ የጀበና ታች እንደ ነካሁ ሁሉ እጄን አነሣሁት። «ያዝ፣ ልቀቅ፤ ያዝ፣ ልቀቅ» አለኝ። ይህን ትምህርት ተቀብያለሁ። ያልተቀበልሁት ሌላውን ነው፤ በቁልቁለት ከፊታችሁ ካለው ሰው ቢያንስ አሥር ብስክሌት ያህል ራቁ ያለውን።

እሑድ ረፋድ ላይ አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ስንወርድ ከፊቴ ካለው ጓደኛዬ የኋላ ጎማ ከሁለት ክንድ በላይ አልራቅሁም ነበር። ነፋሱ በእርሱ ጀርባ ስለሚከለልልኝ ደስ ብሎኛል፤ ይህ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። መታጠፊያው ላይ «ድንጋይ!» ብሎ ጮኾ ወደ ግራ ሲያመልጥ እኔ ድምፁን የሰማሁትና ድንጋዩን ያየሁት እኩል ነው። ሦስት ድንጋዮች በአስፋልቱ ላይ በመደዳ ተቀምጠዋል፤ ሌሊት የተበላሸ ከባድ መኪና ጎማው እንዳይንሸራተት ታኮ አድርጎባቸው፣ ከተጠገነ በኋላ እንደ ነበሩ ትቷቸው የሄደ እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ። የፊት ጎማዬ መካከለኛውን መታው። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰማዩን ነው፤ ያለ አንዲት ደመና።

የጭነት ኢሱዙ ታሽከረክር የነበርህ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለአንተ ነው። እኛ ባለ ብስክሌቶች ስለ ኢሱዙ ሹፌሮች የምንናገረውንና የምንሰጣቸውን ቅጽል ስም እዚህ አልደግመውም፤ አንተን ካየሁ በኋላ አፌ ላይ አይመጣም። ከኋላችን ስትወርድ መውደቄን አይተህ፣ መኪናህን ከመታጠፊያው በላይ መንገዱን ዘግታ እንድትቆም አግድም አድርገህ፣ ሁለቱንም ፍሬቻ አብርተህ፣ ረዳትህን ወደ ላይ ሮጦ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እየቆረጠ አስፋልቱ ላይ እንዲያነጥፍ ላክኸው። ከእኔ መውደቅ በኋላ በዚያ ቁልቁለት ስንት መኪና እንደ መጣ ጓደኞቼ ነግረውኛል። አንዱም መታጠፊያውን በፍጥነት ሳይጠመዘዝ የቆመው ያን ቅጠልና ያንተን መኪና ስላየ ነው። አደጋ በደረሰበት ቦታ ሰው ሁሉ ወደ ወደቀው ሲሮጥ ወደ ኋላ ዞሮ የሚመጣውን የሚያስብ እምብዛም አይገኝም።

ሁለተኛዋ ባለ ምስጋና ከራሳችን መካከል ያለችው ነርሷ እህታችን ናት። በአካባቢው የነበራችሁ ሰዎች በቅንነት ልታነሡኝ ስትሻሙ «ማንም እንዳይነካው!» ብላ ስትጮህ ቅር ያላችሁ እንደ ነበራችሁ አውቃለሁ፤ ይቅርታ አድርጉላት። አንገቴ ወይም አከርካሪዬ ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ ያ የቸርነት እጅ ዕድሜ ልኬን ሽባ ሊያደርገኝ ይችል ነበር። የሁለቱንም እግሬን ጣቶች እንዳንቀሳቅስ፣ እጇን እንድጨብጥ ጠየቀችኝ፤ ጭንቅላቴን በሁለት ጉልበቷ መካከል ይዛ ደም የሚፈስሰውን ክርኔን አጥብቃ ተጫነች። ውኃ ይዛችሁ የመጣችሁም ነበራችሁ፤ እርሷ ከለከለች፣ እኔም በዚያ ሰዓት ጠላኋት። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ሆዱ ባዶ መሆን እንዳለበት የገባኝ ሆስፒታል ከደረስሁ በኋላ ነው። ሄልሜቴ በግራ በኩል ተሰንጥቆ የውስጡ ነጭ ፎም ተጨፍልቋል። ታናሽ ወንድሜ አጣብቆ ሊጠቀምበት ፈልጎ ነበር፤ አንዴ የተመታ ሄልሜት ሁለተኛ አያድንም ብላ የወሰደችበትም እርሷው ናት።

ከቅዳሴ ሲመለሱ የነበሩት እናት፣ ነጠላዎን አውልቀው ለማሰሪያ ሲሰጡና ነርሷ ለመቅደድ ስታመነታ «ቅደጂው ልጄ፣ ነጠላ ይገዛል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥለቱ የቀረበት ቁራጭ ታጥቦ ቤቴ ተቀምጧል። እግሬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ እንጨት ሲፈለግ ደግሞ፣ ከበጎቹ ጋር ከመንገዱ ዳር ቆሞ የነበረ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ አንድ ቃል ሳይናገር ዱላውን ዘረጋ። የትልቅ ሰው ዱላ ነበርና ከብብቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። የተሰበረውን እግሬን ከጤነኛው ጋር አድርገው፣ ዱላውን በጎን አስደግፈው፣ በነጠላው አምስት ቦታ አሠሩኝ። ስለዚህ ልጅ ወደ በኋላ እመለሳለሁ።

ከደባርቅ ወደ ጎንደር ስትመጡ የነበራችሁ የሚኒባስ ተሳፋሪዎች፣ እናንተ ማንም ሳያዝዛችሁ ወርዳችሁ፣ ከፊላችሁ ጋቢያችሁን በሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አስራችሁ ቃሬዛ ስትሠሩ፣ ከፊላችሁ ከረዳቱ ጋር የኋላ ወንበሮችን ስታጣጥፉ አይቻችኋለሁ። ሕፃን ያዘለች እናት ጭምር በዚያ ነፋስ ሌላ መኪና ስትጠብቅ ቀረች። ሹፌሩ ወንድሜ፣ ሠላሳ የሚሆነውን ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት በላይ ወስደህ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «አይዞህ፣ አሁን አንድ አለች» እያልህ አደረስኸኝ። ሕመሙን አልቀነሰውም፤ ነገር ግን እንዲዘጋጅ ስለ ተነገረው ሰውነቴ ሕመሙን ቻለው። ሞባይላቸውን አውጥተው ሲቀርጹኝ የነበሩ ሁለት ሦስት ሰዎችም ነበሩ፤ እነርሱንም አልቀየምኋቸውም፣ ምስሉን ግን ባያሰራጩት ኖሮ እናቴ ከእነርሱ አስቀድማ ከጓደኞቼ ትሰማ ነበር። ጓደኞቼ በካርዱ ላይ የተጻፈውን ስልክ አግኝተው እስኪደውሉ ድረስ ቪዲዮው ቀድሟቸዋል።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተቀበላችሁኝ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የራጅና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ አልጋዬን ትገፉ የነበራችሁና ወለሉን የምታጸዱ ሠራተኞች ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ሠራተኞች ማሠልጠኛ ሆኖ ሲከፈት ገጠር ድረስ ወርደው የሚሠሩ ባለሙያዎችን ለማፍራት ታስቦ ነበር፤ ነርሷ ጓደኛችንም የዚያው ቤት ልጅ ስለሆነች፣ ያዳነኝ ትምህርት ሜዳ ላይ ቀድሞኝ ተገኝቷል ማለት እችላለሁ። የጭን አጥንት ሲሰበር ቆዳው ሳይቀደድ እንኳ ከአንድ ሊትር በላይ ደም ወደ ውስጥ ሊፈስ እንደሚችል የነገሩኝ ሁለት ከረጢት ደም ከተሰጠኝ በኋላ ነው። ካርዴ ላይ የደም ዓይነቴ ቢጻፍም ሐኪሞቹ እንደ ገና መርምረው እንጂ ካርዱን አምነው አልሰጡኝም፤ ልክም ናቸው። ለተተኪው ደም ክንዳቸውን ከዘረጉት መካከል የሚኒባሱ ረዳት እንዳለበት ስሰማ ግን ምን እንደምል አላወቅሁም። በሦስተኛው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ አጥንቴ ውስጥ ብረት ገባ።

ሊጠይቁኝ ከመጡ ዘመዶች አንዳንዶቹ ወጌሻ ይየው ብለው ነበር። ብዙ ወልምታ ያቃኑ ወጌሾችን አከብራለሁ፤ አባቴንም ትከሻው በወለቀ ጊዜ ያከመው ወጌሻ ነው። የተሰበረ ጭን ግን በእጅ ቢታሽ ስለቱ ደም ሥር ሊበጥስ ይችላል ተብሎ ስለ ተነገረን ምክራቸውን ከፍቅር ቆጥረን አልተከተልነውም። አጥሚት ያመላለሳችሁልኝ ጎረቤቶች፣ ለሕክምናው ያዋጣችሁልኝ የእድራችን አባላትና የሥራ ባልደረቦቼ፣ ብድራችሁን ይክፈልልኝ። አባቴ «ሳይክል የሚባል ነገር እዚህ ግቢ እንዳይገባ» ብሎ ያወጣው ዐዋጅ እስከ ዛሬ አልተሻረም። ጋሼ ትራፊክ ግን የተጣመመውን ብስክሌቴን ወስዶ ቤቱ ደብቆልኛል፤ አንድም ቀን «ነግሬህ ነበር» አላለኝም፣ ይህም ከዝምታዎቹ ሁሉ የከበደኝ ነው።

አሁን ወደ ልጁ። የኢሱዙው ሹፌር ሆስፒታል ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ የነገረኝን እኔ አላየሁም ነበር። ሁሉም ሰው እኔን ከብቦ ሳለ ያ ልጅ ሁለቱን ድንጋዮች ብቻውን እያንከባለለ ወደ ቦይ ጣላቸው፤ ሦስተኛው አልነቃነቅለት ሲል ረዳቱን በልብሱ ጎትቶ አመጣውና አብረው አነሡት። እኔ በሚኒባስ ከሄድሁ በኋላ ደግሞ የተነጠፈውን ቅርንጫፍ ሁሉ ለቅሞ ወስዶታል፤ ለማገዶ ይሆናል። መኪናችሁ ተበላሽቶ ድንጋይ የምታደርጉ አሽከርካሪዎች ሆይ፣ ስትሄዱ አንሡት ብዬ የምለምናችሁ በዚህ ልጅ ስም ነው፤ የእኔ ስም ለዚህ አይበቃም።

ጓደኞቼ በጥር ወር እዚያው ቦታ ሄደው ፈልገው አጥተውታል፤ በጎቹን ወደ ሌላ ግጦሽ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ዱላው ከአልጋዬ ራስጌ እንደ ቆመ ነው፤ መራመድ የተለማመድሁትም በእርሱ ነውና ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ጫፉ በሲሚንቶ ወለል ትንሽ ተበልቷል። የወይራ ነው፤ ከእጀታው ዝቅ ብሎ በእሳት የተበሳ ምልክት አለው፤ የምልክቱን ቅርጽ ግን ሆን ብዬ አልጽፍም፣ ባለቤቱ ያውቀዋል። በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በመኪና መጥቼ ከዚያ መታጠፊያ ዳር ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። ልጁን የምታውቁ የወገራ ሰዎች ሆይ፣ ብትነግሩልኝ።