ሪፈር ወረቀቱ ሁለት መስመር የሚሆነው ለምንድን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ ውስጥ መካከለኛ ክሊኒክ ከፍቼ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰባት ሆነን ነው የምንሠራው፦ እኔ፣ አንዲት ጤና መኮንን፣ ሁለት ነርሶች፣ አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ካርድ ክፍልና ሒሳብ አብራ የምትይዝ ልጅና የፅዳት ሠራተኛችን።

ባለፈው ግንቦት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አንዲት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ባለቤቷ ደግፏት መጣች። ግፊቷ 170 በ110 ነበር፤ ራሷን ክፉኛ ያማታል፣ ዓይኔ ላይ ብዥ ይልብኛል ትላለች። እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዥየም ሰጠናት፣ መኪና ተፈለገ፣ እኔም ሪፈር ጻፍኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሆስፒታሉ ተረኛ ሐኪም ስልክ ተደወለልኝ፦ «ዶክተር፣ ማግኒዥየሙን በስንት ሰዓት ነው የሰጠሻት? መጠኑስ ስንት ነው?» ሁለቱንም አልጻፍኩም ነበር። ወረቀቱ ላይ የነበረው «ነፍሰ ጡር፣ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ለተሻለ ሕክምና» የሚል ነው። ሁለት መስመር። እናትየዋም ልጇም ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ስልኬን ባላነሳ ኖሮ ግን ተረኛው ሐኪም በግምት ነበር የሚሠራው።

ያን ቀን ጠዋት ከገባሁ ጀምሮ ስጽፍ ነው የዋልኩት። የጻፍኩት ምን እንደሆነ ቆይቼ ሳስበው ነው ይህን ደብዳቤ ለመላክ የወሰንኩት።

አንድ ማክሰኞ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት የመጣ የታክሲ ረዳት ነበር። ከገባበት እስከ ወጣበት ስሙ ስንት ቦታ እንደሚጻፍ ተከታትዬ ቆጠርኩ። መለያ ካርዱ ላይ፣ የሕክምና ካርዱ ላይ፣ የተመላላሽ ታካሚ መዝገቡ ላይ፣ የላብራቶሪ መጠየቂያው ላይ፣ የላብራቶሪ መዝገቡ ላይ፣ የውጤት ወረቀቱ ላይ፣ የመድኃኒት ማዘዣው ላይ፣ ደረሰኙ ላይ፣ በመጨረሻም የሕመም ፈቃዱ ላይ። ዘጠኝ ጊዜ። ዕድሜው ካርዱ ላይ 23፣ ላብራቶሪ 25፣ ተመላላሽ መዝገቡ ላይ ደግሞ 32 ሆኗል። ምርመራው ታይፈስ አሳይቶ ሳለ የተመላላሽ መዝገቡ ላይ «ትኩሳት» ተብሎ ቀርቷል፤ መስመሩ የተሞላው ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ነዋ። በሳምንቱ መጨረሻ ሲስተር ሪፖርት ስትሠራ አንዱ መዝገብ የታይፈስ ታማሚዎች አራት ናቸው አለ፣ ሌላው ሦስት። የትኛውን ትላክ? ብዙ መጻፍ መረጃውን ያጠራዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ አንድ ቀን አጠገባችን ቁጭ ብሎ ይመልከት።

ሪፖርት አይኑር እያልኩ አይደለም። ኩፍኝ የጠረጠርነው ሕፃን ሲመጣ ሳምንት አንጠብቅም፤ ወዲያው ስልክ አንስተን እንደውላለን፣ እንዲህ መሆንም አለበት። ችግሩ አንዱን ታካሚ ደጋግመን መቁጠራችን ነው። ሳምንታዊው የበሽታ ቅኝት ሪፖርት ከሰኞ እስከ እሑድ ይቆጠራል፤ ወርኃዊው የጤና መረጃ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20። ስለዚህ ያ ረዳት በሁለት ታሊ (የታካሚ መቁጠሪያ) ወረቀት ላይ፣ በሁለት የተለያየ ስሌት ይቆጠራል። የእኛ ሪፖርት ወደሚመለከተው የጤና መሥሪያ ቤት በወረቀት ይሄዳል፤ እዚያ ሌላ ሰው ተቀብሎ ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የጤና መረጃ መሰብሰቢያ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ያስገባዋል። አሁንም እንደገና ተጻፈ ማለት ነው።

የራሳችንን ጥፋትም ልናገር። መዝገቦቻችንን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን አንድ በአንድ «ይሄን ማን ያነበዋል? የጠየቀንስ ማን ነው?» ብለን ስናይ ሦስቱን ማንም አልጠየቀንም። አንደኛው ካርድ ክፍል የሚያዘው የዕለት ታካሚ ደብተር ነው፤ የካሽ ሬጂስተር ማሽኑ የሚያወጣውን በእጅ መገልበጥ ነበር። ከሥራችን መጀመሪያ ጀምሮ ስለነበረ ብቻ ሲሞላ ኖሯል። ተውነው። የላብራቶሪ መጠየቂያና ውጤቱን አንድ ወረቀት አደረግነው፣ ከላይ እኔ እጠይቃለሁ፣ ከታች የላብራቶሪ ባለሙያው ይመልሳል። ታሊውንም ወር እስኪሞላ ከማቆየት በየቀኑ ማታ አሥር ደቂቃ ወስደን መሙላት ጀመርን። ሲስተር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዝገብ ስታገላብጥ የምትውለው ቀረ። ይህን ለማድረግ ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገንም፤ የሙያ ባልደረቦቼ ነገ ሊጀምሩት ይችላሉ።

ከዚህ ያለፈው ግን ከእጃችን ውጪ ነው። ኮምፒውተር ገዝተን የተመላላሽ መዝገቡን ኤክሴል ላይ አደረግነው፤ ሪፖርት ማውጣት የደቂቃ ሥራ ሆነ። ለቁጥጥር የመጡት ባለሙያዎች ግን የሚያዩት ትልቁን የወረቀት መዝገብ ስለሆነ እሱንም መሙላታችንን ቀጠልን። ወረቀት ለመቀነስ ብለን ሥራ ጨመርን። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። እንግዲያው በኮምፒውተር በአግባቡ የሚመዘግብ፣ ቅጂ የሚያስቀምጥና የታካሚን ምስጢር የሚጠብቅ ክሊኒክ የወረቀቱ ግዴታ ይነሳለት። መብራት ሲጠፋ የሚሞላ መጠባበቂያ ቅጽ ቢኖር ይበቃል። ሪፖርቱንም ራሳችን በቀጥታ እንድናስገባ መግቢያ ይሰጠን፤ ለስህተታችንም እኛው እንጠየቅ።

ሌላው የሕመም ፈቃድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕክምና ማስረጃ ይጠይቃል፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ግን አንዲት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ በጉንፋን አንድ ቀን ፈቃድ ጽፌላት በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ማኅተሙ ፊርማው ላይ ስላረፈ አልነበበም ተብላ ነው። ሌላ ግማሽ ቀን ቀረባት፤ ስሜን የያዘውን ቲተርና ክብ ማኅተሙን ለየብቻ አድርጌ እንደገና ጻፍኩላት። አንዳንድ ድርጅቶች ደግሞ የበሽታው ስም ካልተጻፈ አንቀበልም ይላሉ። የታካሚዬን ሕመም ለአለቃዋ መንገር የእኔ ሥራ አይደለም። አሠሪዎች ማጣራት ከፈለጉ ወረቀቱ ላይ ስልካችን አለ፤ ይደውሉ፣ ቀኑንና ፈቃዱ ከእኛ መውጣቱን እናረጋግጣለን።

ሐኪም አይጻፍ የሚል ሰው እንዳልሆንኩ ከዚህ ይታወቅልኝ። የናርኮቲክ መድኃኒት መዝገብ አንድ ቁጥር ሳይጎድል ይሞላ፤ ሰው ይጎዳል። ሪፈር ደግሞ ከምንጽፈው ሁሉ ትልቁ ነው፤ በሽተኛው ከእጃችን ሲወጣ አብሮት የሚሄደው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ምሽት ወዲህ የራሳችንን ቅጽ አሻሽለን «የተሰጠ መድኃኒት፣ መጠን፣ ሰዓት» የሚል ሣጥን ጨምረናል፣ ቅጂም እናስቀራለን። ሣጥኑን ለመሙላት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ያንን ሦስት ደቂቃ ያገኘነው ከተውነው ደብተር ነው።

ስለዚህ ለቁጥጥር የሚመጡ ባለሙያዎችን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ስትመጡ ከመዝገቡ ባዶ ዓምዶች በፊት የሪፈር ቅጂዎቻችንን አውጡ በሉን። አሥሩን አንብቡ፤ ሰዓቱ ተጽፎ እንደሆነ እዩ፤ ካልተጻፈ በዚያ ቅጡን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመካከለኛ ክሊኒክ ባለቤትና ሐኪም
አዲስ አበባ